ራሱን የገሠጸ ሙዚቃ፤ የፖስት ሃርድኮር አነሣሥና አካሄድ

ዋሽንግተንን በዝና የሚያውቃት ሰው ሁሉ፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር በዓይነ ኅሊናው የሚታየው የፕሬዚዳንቱ ነጭ ቤተ መንግሥት፣ የምክር ቤቱ ጉልላትና የየአገሩ ኤምባሲ የተሰለፈበት ሰፊ ጎዳና ነው እንጂ፣ በዚያችው ከተማ ጓሮ፣ በትምህርት ቤት ልጆች እጅ ተወልዶ፣ እነሆ ከአርባ ዓመት በላይ የዘለቀና ከስዊድን እስከ ጃፓን ደቀ መዛሙርት ያፈራ የሙዚቃ ስልት መኖሩን የሚያስብ እምብዛም አይገኝም። ይህ ስልት ፖስት ሃርድኮር፣ ማለትም ድኅረ ሃርድኮር፣ ይባላል። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ድምፁም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው እንግዳ ነው፤ ጊታሩ ይፋጫል፣ ከበሮው ይቆራረጣል፣ ድምፃዊው አንዳንድ ጊዜ እንደ ተራ ሰው ይናገራል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ድረስ ይጮኻል። ልጆቻቸው ክፍላቸውን ዘግተው ይህን ሲያዳምጡ የሰሙ ወላጆች «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?» ብለው ቢጠይቁ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ነገር ግን ጥያቄው መልስ ያለው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ታሪክ ነው፤ ያንንም ታሪክ በትዕግሥት የተከተለ ሰው፣ ከጩኸቱ በስተኋላ፣ አንድ የወጣቶች ማኅበር በገዛ ራሱ ላይ ያቀረበውን ተግሣጽ ያገኛል ብዬ አምናለሁ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ በ1970ዎቹ እኩሌታ የሮክ ሙዚቃ እጅግ በልጽጎ፣ በትላልቅ ስታዲየሞች የሚቀርብ፣ ረቂቅ የጊታር ጥበብና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ ነበርና፣ በኒውዮርክ ራሞንስ፣ በለንደን ሴክስ ፒስቶልስ የተባሉት ባንዶችና መሰሎቻቸው ይህን ሁሉ ንቀው፣ ሦስት ኮርድ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊጫወተው የሚችል አጭር፣ ፈጣንና ሻካራ ዘፈን ይዘው ተነሡ። ፓንክ የሚባለው ይህ ነው። የፓንክ ስብከት፣ ጥበብ ለተመረጡት ብቻ የተሰጠች ሳትሆን ድፍረቱ ላለው ሁሉ የተከፈተች ናት የሚል ነበር። በአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከሃያ በታች የሆነ ልጆች ይህን ስብከት ከሰባኪዎቹ ከራሳቸው ይልቅ አጥብቀው አመኑትና፣ በ1980 ገደማ ፍጥነቱን እጥፍ አድርገው፣ ጌጡን ሁሉ አራግፈው፣ ዘፈኑን ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማያልፍ የቁጣ ቃል አደረጉት። ይህ ሁለተኛው ትውልድ ሃርድኮር ተባለ።

በዋሽንግተን የዚህ ትውልድ አባቶች ባድ ብሬንስ የተባሉት አራት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ኤች. አር. በሚል ምኅጻር የሚታወቀው ድምፃዊ ፖል ሃድሰን፣ ወንድሙ ድራም መቺው ኧርል ሃድሰን፣ ጊታር ተጫዋቹ ጋሪ ሚለርና ቤዝ ተጫዋቹ ዳሪል ጄኒፈር አስቀድመው ጃዝን ከሮክ የሚያዋሕድ ሙዚቃ ይጫወቱ ስለ ነበር፣ ወደ ፓንክ በተሻገሩ ጊዜ ያመጡት ፍጥነት ሌላ መጫወት ካለመቻል የመነጨ ሳይሆን በብዙ ልምምድ የተገራ ፍጥነት ነበር። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሌላ የሚስብ ነገር አላቸው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ዘውድ መጫን ተከትሎ በጃማይካ የተነሣው የራስ ተፈሪያን እምነት በሬጌ ዜማ ተሳፍሮ እስከ ዋሽንግተን ደርሶ ልባቸውን ማርኮት ነበርና፣ በ1982 በካሴት በወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው ሽፋን ላይ፣ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ቀለም መካከል፣ መብረቅ የአሜሪካን ምክር ቤት ጉልላት ሲመታ ተሥሎ ይታያል። የእምነቱን ነገር ለነገረ መለኮት ሊቃውንት እተዋለሁ። ለሙዚቃው ታሪክ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ባድ ብሬንስ እንደ ማዕበል በሚፈጥኑት ዘፈኖቻቸው መካከል ቀርፋፋና ሰፊ የሬጌ ዘፈን ያስገቡ ነበር፤ ከመድረኩ ሥር ቆመው ይመለከቷቸው የነበሩት ልጆችም በአንድ ምሽት ውስጥ ፍጥነትና እርጋታ፣ ቁጣና ጸሎት ጎን ለጎን ሊኖሩ እንደሚችሉ ከእነርሱ ተማሩ። እንደ እኔ አስተያየት፣ ፖስት ሃርድኮር ስም ከማግኘቱ አስቀድሞ ዘሩ የተዘራው እዚህ ላይ ነው።

ከነዚህ ኮንሰርቶች አንዳንዶቹ በ1979 እና በ1980 ይደረጉ የነበሩት አዳምስ ሞርጋን በተባለው ሰፈር፣ በ18ኛው ጎዳና ላይ፣ ማዳምስ ኦርጋን በሚባል የሠዓሊዎች ማኅበር ቤት ውስጥ ነበር። ይህ ጎዳና ከአብዮቱ መከራ ሸሽተው የመጡ ወገኖቻችን በዚያው ዘመን መስፈርና ምግብ ቤት መክፈት የጀመሩበት በመሆኑ፣ ያን ጊዜ በዚያ የተመላለሰ ኢትዮጵያዊ ሁሉ በእንጨት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ፣ በእጅ የተጻፈ የነዚህን ልጆች የኮንሰርት ማስታወቂያ ሳያይ ያለፈ አይመስለኝም። ከልጆቹም መካከል የዉድሮው ዊልሰን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የነበሩት ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን ይገኙባቸዋል። ቲን አይድልስ የተባለው ባንዳቸው በ1980 በተበተነ ጊዜ፣ ከትርኢት ያጠራቀሙት 600 ዶላር ገደማ በእጃቸው ነበር፤ ይህን ገንዘብ ተካፍሎ ከመለያየት ይልቅ፣ የተጫወቱት ሙዚቃ ምስክር እንዲሆን በሸክላ ሊያሳትሙት ወሰኑ፤ ለዚህም ዲስኮርድ የተባለ የራሳቸውን አሳታሚ ድርጅት አቋቋሙ፤ የሸክላውንም ልባስ ከጓደኞቻቸው ጋር ወለል ላይ ተቀምጠው በመቀስ ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በማጣበቂያ አያይዘው አወጡት። ይህ ድርጅት እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

ማካይና ኔልሰን ከዚያ ማይነር ትሬት የተባለውን ባንድ መሠረቱ። በ1981 ያወጡት የመጀመሪያ ሸክላ ስምንት ዘፈን ይዞ ሳለ ሁሉም ተደምሮ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ከስምንቱ አንዱ፣ «ስትሬት ኤጅ» የተባለው የ46 ሰከንድ ዘፈን፣ ስካርንና ዕፅን የማይነካ ወጣት ራሱን ዝቅ አድርጎ እንዳያይ የሚናገር ነው። ሮክና ስካር የማይነጣጠሉ ወንድማማቾች ተደርገው በሚታዩበት ዘመን ይህ ቃል ከአንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ አፍ በመውጣቱ፣ ማካይ ራሱ የንቅናቄ መሪ ለመሆን ሳያስብ፣ በብዙ አገር ያሉ ወጣቶች እንደ ሥርዓተ ማኅበር ተቀብለው መጠጥን የሚተዉበት ምክንያት ሆነ።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ነገሩ ያማረ ነበር። ሆኖም ደንብን ለማፍረስ የተነሣ ሁሉ ሳይውል ሳያድር የራሱን ደንብ መትከሉ አይቀርምና፣ ሃርድኮርም ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው ጠባብ ሥርዓት ሆኖ አረፈው። የዘፈኑ ፍጥነት የታወቀ፣ ርዝመቱ የታወቀ፣ የጸጉሩ አቆራረጥና ጫማው ሳይቀር የታወቀ ሆነ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ በመድረኩ ሥር የሚደረገው፣ እየተጋፉና እየተላተሙ የሚጨፈረው ጭፈራ ከወዳጅነት ጨዋታነት አልፎ ወደ ድብድብ መለወጡ ነው፤ ጠብ ፍለጋ ብቻ የሚመጡ ወጣቶች በረከቱ፤ ጸጉራቸውን የተላጩ ቡድኖች ደካማውን እየደበደቡ ማባረር ያዙ፤ በመጀመሪያ ከፊት ቆመው የነበሩት ልጃገረዶች ወደ ኋላ፣ ቀጥሎም ወደ በሩ ተገፉ። ማይነር ትሬት በ1983 ተበተነ።

የሃርድኮር ጠባብነት ያስጨነቃቸው የዋሽንግተን ልጆች ብቻ አልነበሩም። በሚኒያፖሊስ ሁስከር ዱ የተባሉት ሦስት ሰዎች በ1984 ዜን አርኬድ የተባለ ድርብ አልበም አውጥተው፣ ከቤቱ የኮበለለ አንድ ወጣት የሚደርስበትን ሁሉ በፒያኖና በተገለበጠ ቴፕ ጭምር ተረኩ፤ በካሊፎርኒያ የሳን ፔድሮ ልጆች የነበሩት ሚኒትመን በዚያው ዓመት ከአርባ በላይ አጫጭር ዘፈኖችን በአንድ ድርብ አልበም አጭቀው ፈንክን፣ ጃዝንና የፖለቲካ ሐተታን ከፓንክ ጋር አዛመዱ፤ በቺካጎ ስቲቭ አልቢኒ የሰው ድራም መቺን ትቶ የድራም ማሽን በመጠቀም እንደ ብረታ ብረት ፋብሪካ የሚያንገጫግጭ ሙዚቃ ሠራ። እነዚህ ሁሉ በየፊናቸው ከአንድ አጥር ወጥተዋል። ነገር ግን አጥሩን መዝለል አንድ ነገር ነው፤ አጥሩን ያጠርነው እኛው ነን ብሎ በአደባባይ መናዘዝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ሁለተኛውን ያደረጉት የዋሽንግተን ልጆች ናቸው።

በ1985 የጸደይ ወራት በከተማው ባሉ ሙዚቀኞች ቤት፣ ከጋዜጣ ላይ በተቆረጡ ፊደላት የተዘጋጀ፣ የላኪው ስም የሌለበት ደብዳቤ መድረስ ጀመረ። መጪው በጋ የአብዮት በጋ እንደሚሆን የሚያበሥር ነበር። ላኪዋ በኋላ ፋየር ፓርቲ የተባለው የሴቶች ባንድ ድምፃዊ የሆነችው ኤሚ ፒከሪንግ ስትሆን፣ መልእክቱ የደረሳቸው ሁሉ እርስ በርሳቸው «አንተ ነህን? አንቺ ነሽን?» እየተባባሉ የተዘጋጁ መሰላቸው፤ በእርግጥም ተዘጋጁ። በዚያ በጋ ጭፈራውን ከድብድብ የለዩ፣ ልብን የሚገልጥ ግጥም የያዙ አዳዲስ ባንዶች ወጡ፤ በደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ ከበሮና ያገኙትን ቁርጥራጭ ብረት ሁሉ ይዘው ተሰልፈው የዘር መድልዎውን ሥርዓት በመቃወም ሲደበድቡ ዋሉ፤ ፖዚቲቭ ፎርስ የተባለው የበጎ አድራጎትና የተቃውሞ ማኅበርም በዚያው ዓመት ተመሠረተ።

ከባንዶቹ ሁሉ ትልቁን ምልክት የተወው ራይትስ ኦቭ ስፕሪንግ ነው። ስሙን የወሰደው በ1913 ፓሪስን ካስደነገጠው ከስትራቪንስኪ የባሌ ሙዚቃ ሲሆን፣ ድምፃዊውና ጊታር ተጫዋቹ ጋይ ፒቾቶ፣ ድራም መቺው ብሬንደን ካንቲና ሁለት ባልንጀሮቻቸው በ1985 ያወጡት አንድ አልበም፣ የሃርድኮርን ኃይል ሳይቀንስ ይዘቱን ፈጽሞ ለወጠው። ቀድሞ መንግሥትን፣ ፖሊስንና ወላጅን ይከስስ የነበረው ቁጣ አሁን ወደ ውስጥ ዞሮ ኅሊናን መመርመር፣ የጠፋን ወዳጅነት ማልቀስ፣ ያለፈን ጊዜ መናፈቅ ያዘ። ኮንሰርታቸው በቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከነዚያም ብዙዎቹ መሣሪያ በመሰባበር፣ ተመልካቹም በማልቀስ የሚፈጸሙ ነበሩ። ማካይ ራሱ ኤምብሬስ በተባለው ባንድ ተመሳሳይ መንገድ ጀመረ። አንዳንድ ጋዜጠኞች ይህን ስልት ኤሞ የሚል ስም አወጡለት፤ ሙዚቀኞቹ ስሙን አልወደዱትም፤ ይሁን እንጂ ስሙ ከእነርሱ ዕድሜ በላይ ኖረ።

ከራይትስ ኦቭ ስፕሪንግና ከማይነር ትሬት ቅሪት፣ ኢያን ማካይ፣ ብሬንደን ካንቲና ቤዝ ተጫዋቹ ጆ ላሊ ፉጋዚን አቆሙ፤ ጋይ ፒቾቶም ጥቂት ቆይቶ ተቀላቀላቸው። የመጀመሪያ ኮንሰርታቸው በመስከረም 1987፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረው ዊልሰን ሴንተር ተደረገ። ስለ ፖስት ሃርድኮር አንድ ባንድ ብቻ እንድጠቅስ ብገደድ የምጠቅሰው ይህን ስለሆነ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ አንባቢ ይፍቀድልኝ።

የፉጋዚን ሙዚቃ ለመረዳት ከጊታሩ ሳይሆን ከቤዙ መጀመር ይገባል። ላሊ ከሬጌና ከሬጌ ከተወለደው ከዱብ የተማረው ወፍራምና ተመላላሽ የቤዝ ሐረግ ቤቱን ያቆማል፤ ካንቲ በዚያ ላይ ምቱን ይሰነጣጥቃል፤ ሁለቱ ጊታሮች አንድ ነገር ከመደጋገም ይልቅ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው ይመልሳል፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ለዝምታ የሰጡት ክብር ነው። «ዌይቲንግ ሩም» በተባለው በጣም በታወቀው ዘፈናቸው፣ ገና ሲጀመርና ሰውነት ለመንቀሳቀስ ሲዘጋጅ፣ ሁሉም በአንድነት ጸጥ ይላሉ፤ ከዚያ ጸጥታ በኋላ የሚመጣው ድምፅ እጥፍ ኃይል አለው። በማኅሌት ቆሞ፣ ዜማው በለሆሳስ ተጀምሮ፣ በዝማሜ መቋሚያው እየተወዘወዘ፣ በመረግድ ከበሮው እየተፋጠነ እስከ ጽፋት ሲደርስ ያየ ሰው፣ የኃይል ምሥጢር በመጮኽ ሳይሆን በአካሄድ ሥርዓት መሆኑን ያውቃልና፣ የነዚህ ሰዎች ጥበብ ከወዴት እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ሃርድኮር ከጽፋቱ ጀምሮ በጽፋቱ ይጨርስ ነበር፤ ፖስት ሃርድኮር መውጫውንና መውረጃውን መለሰለት።

ከዜማው የማይለይ ደግሞ አኗኗራቸው ነው። ፉጋዚ የመግቢያውን ዋጋ በተቻለ መጠን አምስት ዶላር አድርገው ያዙ፤ ትርኢታቸው ለማንኛውም ዕድሜ ክፍት እንዲሆን ጠየቁ፤ ስማቸው የታተመበት ካኔቴራ አልሸጡም፤ የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ለሚያወጡ መጽሔቶች ቃለ ምልልስ አልሰጡም። በመድረኩ ሥር ሰው ሲመታ ባዩ ጊዜ ሙዚቃውን አቁመው ተማቹን በስሙ እንደሚያውቁት ወንድም በትሕትና ይገሥጹታል፤ ካልሰማ በፖስታ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን አምስት ዶላሩን መልሰው ያሰናብቱታል። እንደ ቅዱስ እስጢፋኖስ ባሉ የዋሽንግተን አብያተ ክርስቲያናት አዳራሽ ለድሆችና ለታመሙ መርጃ የሚሆን ኮንሰርት ብዙ ጊዜ ሰጥተዋል፤ በ1990 በሎርተን እስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ተጫውተዋል፤ በጥር 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ በነጩ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት በላፋዬት መናፈሻ በብርድ ቆመው ጦርነቱን በመቃወም ዘፍነዋል። በ1993 አትላንቲክ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ መሥራች የነበረው አህመት ኤርቴጉን በኒውዮርክ ከመድረክ ጀርባ ድረስ መጥቶ ከኩባንያው ጋር እንዲዋዋሉ በጠየቃቸው ጊዜ፣ በአክብሮት አመስግነው እንቢ አሉት። ብዙ ሰው ይህን ሁሉ የግትርነት ምልክት አድርጎ ይጽፈዋል። እኔ ግን ከዚህ ጋር አልስማማም፤ አምስት ዶላሩ የሙዚቃው አንድ ክፍል ነበር፤ ሁሉም ሊገባበት የማይችል ኮንሰርት እነርሱ የሚዘፍኑትን ግጥም ሐሰት ባደረገው ነበርና።

እነርሱ እንዲህ ሲሉ፣ በሌላ በኩል በ1991 የወጣው የኒርቫና «ኔቨርማይንድ» አልበም በሚሊዮን ተሽጦ ትላልቆቹን ኩባንያዎች ያነቃ በመሆኑ፣ ነጋዴዎች ቀጣዩን ሀብት ፍለጋ ወደ ምድር ቤት ትርኢቶች ወረዱ። የኒርቫና ድራም መቺ ዴቭ ግሮል ራሱ በዲስኮርድ ያሳትም ከነበረው ስክሪም ከተባለ የቨርጂንያ ባንድ የወጣ ነው። ከዋሽንግተን ጃውቦክስና ሻደር ቱ ቲንክ ወደ ትላልቆቹ ኩባንያዎች ሄዱ፤ ጥሩ አልበምም ሠሩ፤ ብዙም አልሸጡ።

በዚህ መካከል ግንዱ ቅርንጫፍ አብዝቷል። በኬንታኪ ግዛት የሉዊቪል ልጆች የሆኑት ስሊንት በ1991 ስፓይደርላንድ የተባለውን አልበም ሲያወጡ ባንዱ አስቀድሞ ተበትኖ ነበር፤ በሹክሹክታ ታሪክ የሚተርክ ድምፅ፣ ያልተለመደ አቆጣጠር ያለው ምት፣ ረጅም ጸጥታና ድንገተኛ ፍንዳታ ያለበት ይህ ሥራ፣ ዛሬ ፖስት ሮክና ማዝ ሮክ ለሚባሉት ስልቶች አባት ሆነ። በሳን ዲዬጎ ግራቪቲ በተባለ አሳታሚ ዙሪያ የተሰበሰቡ ወጣቶች የራይትስ ኦቭ ስፕሪንግን ልቅሶ ወደ ሙሉ ትርምስ አድርሰው ስክሪሞ የተባለውን ስልት ፈጠሩ፤ በዚያችው ከተማ ድራይቭ ላይክ ጂሁ ጊታርን እንደ መጋዝ አስጮኹት። በሲያትል ሰኒ ዴይ ሪል ኢስቴት በ1994 ኤሞን ለስላሳና ሰፊ ዜማ አለበሱት። ቶኪዮ ውስጥ ኤንቪ ይህንኑ በጃፓንኛ ቀጠሉት።

ከስዊድን ሰሜናዊት ከተማ ከኡሜዎ የተነሡት ሪፊውዝድ ለብቻቸው ሊነገርላቸው ይገባል። በ1998 ያወጡት አልበም ርእሱን የወሰደው በ1959 ከወጣው የኦርኔት ኮልማን ታላቅ የጃዝ አልበም ነው፤ ፓንክ አዲስ ሐሳብ የሚናገር ከሆነ በአዲስ ልሳን መናገር አለበት የሚል እምነት ስለ ነበራቸው የኤሌክትሮኒክ ምት፣ የጃዝ ቤዝና የሬድዮ ድምፅ በጩኸቱ መካከል አስገቡ። ያን ጊዜ የሰማቸው ሰው ጥቂት ነበር። በዚያው ዓመት በቨርጂንያ በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች ፊት ሲጫወቱ ፖሊስ ገብቶ አስቆማቸው፤ ባንዱም በዚያው አከተመ። ከተበተኑ በኋላ ግን አልበሙ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ የአንድ ትውልድ መማሪያ ሆነ።

በዚሁ ዘመን በቴክሳስ ጠረፍ፣ ከሜክሲኮዋ ሲዩዳድ ኋሬዝ በወንዝ ብቻ በምትለየው በኤል ፓሶ፣ ሴድሪክ ቢክስለርና ኦማር ሮድሪገዝ ያሉበት አት ዘ ድራይቭ ኢን የተባለ ባንድ አድጎ ነበር። በ2000 የወጣው «ሪሌሽንሺፕ ኦቭ ኮማንድ» አልበማቸው ፖስት ሃርድኮርን ወደ ዓለም አደባባይ ያወጣ ነው፤ ከዘፈኖቹም አንዱ በኋሬዝ በተከታታይ ስለ ተገደሉት ሴቶች የተዘፈነ ሙሾ ነው። በጥር 2001 በሲድኒ ቢግ ዴይ አውት በተባለ ትልቅ ፌስቲቫል ላይ፣ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲረጋገጥ ባዩ ጊዜ እንዲያቆሙ ለመኑ፤ አልሰማ ሲሏቸው ሦስት ዘፈን ብቻ ተጫውተው መድረኩን ጥለው ወረዱ። ብዙዎች ሰደቧቸው። በዚያው ቀን፣ ከእነርሱ በኋላ ሌላ ባንድ ሲጫወት፣ አንዲት ልጅ በግፊያው ተጨፍልቃ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተች። የ1985ቱ ተግሣጽ ለወጉ ያህል የተነገረ ቃል እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም። ባንዱ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ በዚያው ዓመት ተበተነ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የገበያ ዘመን ነው። ከኒው ጀርሲ ምድር ቤቶች የወጡት ተርስዴይ በ2001 «ፉል ኮላፕስ» በተባለው አልበማቸው ልቅሶንና ጩኸትን በሚያምር ዜማ አስማሙ፤ እነርሱን የተከተሉ መቶ ባንዶች መንገዱን አሰፉት፤ ያኔ የክርስቲያን ባንድ የነበሩት የፍሎሪዳዎቹ አንደርኦዝ በ2006 ያወጡት አልበም በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ ሁለተኛ ሆኖ ገባ። በአንደርኦዝ አንዱ ይጮኻል፣ ድራም መቺው ያዜማል፤ ይህ የሁለት ድምፅ ቅብብሎሽ በእነርሱ እጅ ሕይወት ነበረው፤ በብዙዎቹ ተከታዮች እጅ ግን ስንኙ በጩኸት፣ አዝማቹ በጣፋጭ ዜማ የሚል የማይናወጥ ቀመር ሆነ። ዛሬ «ፖስት ሃርድኮር» ሲባል አብዛኛው ወጣት የሚያስበው ይህን ቀመር ነው። የዚህን ዘመን ሙዚቃ የወደደ ሰው አልነቅፍም፤ በብቸኝነት የነበረ ብዙ ልጅ መጽናኛ አግኝቶበታልና። ነገር ግን ከቀመር ለመሸሽ የተወለደ ስልት ራሱ ቀመር ሲሆን ማየት ያሳዝናል።

ደግነቱ ታሪኩ በዚያ አላበቃም። ከሚሺጋን የተነሡት ላ ዲስፒዩት በ2011 «ዋይልድላይፍ» በተባለው አልበም የአንድን ከተማ ሰዎች ኀዘን እንደ አጭር ልብ ወለድ በንባብ ድምፅ ተረኩ፤ ከዋሽንግተን አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ርቀት ከምትገኘው ከባልቲሞር የወጡት ተርንስታይል ደግሞ በ2021 «ግሎው ኦን» በተባለው ሥራቸው ለሃርድኮር ደስታን መለሱለት፤ በእነርሱ ኮንሰርት ሴቶች ከፊት ቆመው ሲጨፍሩ ይታያል። ለእኔ የዚህ ስልት ጤንነት መለኪያው ይህ ነው።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ላሳስብ እወዳለሁ። በመሀል ከተማው፣ በጂ ጎዳና ላይ በሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት፣ ከ2014 ጀምሮ የከተማዋ የፓንክ መዝገብ ተከፍቷል፤ በእጅ የተጻፉት ማስታወቂያዎች፣ በፎቶ ኮፒ የተባዙት መጽሔቶችና ሸክላዎቹ በክብር ተቀምጠዋል፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ይህን ሙዚቃ የሚያዳምጥ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዞ ቢሄድ፣ ከልጁ ጋር የሚነጋገርበት ብዙ ነገር ያገኛል። ወደዚያ መሄድ የማይችል ደግሞ በቤቱ ሆኖ መጀመሪያ የባድ ብሬንስን የ1982 ካሴት፣ ቀጥሎ የራይትስ ኦቭ ስፕሪንግን አልበም፣ ከዚያ የፉጋዚን «ሪፒተር» የተባለ አልበም በተከታታይ ይስማ፤ የሦስቱ መስማማትና መለያየት እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ የዘረዘርሁትን በሁለት ሰዓት ያስረዳዋል። ፉጋዚ ከ2003 ጀምሮ መድረክ ላይ ባይወጡም፣ በየአገሩ ያደረጓቸውን ከ800 በላይ ኮንሰርቶች በቴፕ ቀድተው ስላስቀመጡ ከ2011 ወዲህ ለሕዝብ አቅርበዋቸዋል፤ ለአንዱ ኮንሰርት የጠየቁት ዋጋ አምስት ዶላር ሲሆን፣ የሌለው ቀንሶ፣ ያለው ጨምሮ መክፈል ይችላል።